ለልጄ፦ የዘር ሕዋሳቱ የት ላይ እንደቀሩ ተመልከቺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽውን የፍራፍሬ ዝንብ ሽል ፎቶ አየሁት። የዘር ሕዋሳቱን፣ በኋላ እንቁላልና የወንድ ዘር የሚሆኑትን፣ ለይቶ የሚያሳየው የቫሳ ቀለም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ተበታትነው የቀሩትን የዘር ሕዋሳት አይተሽ ግን «መንቀሳቀስ አቅቷቸዋል» ማለትሽ ቸኩለሻል። የፍራፍሬ ዝንብ የዘር ሕዋስ ወደ መራቢያ አካሉ በራሱ ጉልበት ብቻ አይደርስም፤ በየመንገዱ ያለው ኅብረ ሕዋስ ይሸከመዋል፣ ይከፍትለታል፣ ያባርረዋል፣ ይስበዋል። የቀሩበት ቦታ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠቁምሻል።

ሕዋሳቱ የሚፈጠሩት በሽሉ የኋላ ጫፍ፣ ኦስካር የተባለው ጂን መልእክት (አርኤንኤ) በተከማቸበት ነው። በ25 ዲግሪ እንቁላሉ ከተጣለ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ብቅ ይላሉ፤ ከ30 እስከ 40 ይሆናሉ። በ3ኛው ሰዓት ግድም ሽሉ መታጠፍ ሲጀምር እነሱ ገና አይራመዱም። ከሥራቸው ያለው ኅብረ ሕዋስ በጀርባ በኩል ይዟቸው ሄዶ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ በኋለኛው መካከለኛ አንጀት ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ከባዱ ነገር ከዚያ ኪስ መውጣት ነው። ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ጊዜ ደጋግመሽ እዪው። ሕዋሳቱ ኪሱ ውስጥ ጭራቸውን ወደ መሃል፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተጣብቀው ይቆያሉ። ትሬ1 የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ሥራውን ሲጀምር፣ እርስ በርስ የሚያጣብቃቸው ኢ-ካድሄሪን ወደ ጭራቸው ይሰበሰባል፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተላቀው የአንጀቱን ግድግዳ ሰንጥቀው ያልፋሉ። ግድግዳውም በዚያው ሰዓት መላላት አለበት፤ ይህ የሰርፐንት ጂን ሥራ ነው። ትሬ1 ቢጎድልም ሰርፐንት ቢጎድልም ሕዋሳቱ አንጀት ውስጥ ታግተው ይቀራሉ፤ በቫሳ ቀለም ብቻ ካየሽው ሁለቱ አንድ ይመስሉሻል። ስለዚህ የአንጀቱን ሕዋሳት ድንበር የሚያሳይ ሁለተኛ ቀለም ጨምሪ። ግድግዳው ላልቶ እነሱ ተጣብቀው ከቀሩ ችግሩ የእነሱ ነው፤ ግድግዳው እንደተገጣጠመ ከሆነ የአንጀቱ ነው።

ከወጡ በኋላ በአንጀቱ ላይ ወደ ጀርባ በኩል ይወጣሉ። ዉነን እና ዉነን2 የተባሉት ኢንዛይሞች ባሉበት አካባቢ አይጠጉም፤ እነዚህ ፎስፌትን ከቅባት ላይ የሚነቅሉ ናቸው። ሁለቱም ከጠፉ ሕዋሳቱ በየቦታው ይበተናሉ። የአንቺ ፎቶ ለእኔ የሚመስለኝ ይኼኛው ነው።

ቀጥሎ ግራና ቀኝ ተከፍለው ወደ ሜሶደርሙ፣ ማለትም ወደ ሽሉ መካከለኛ ንብርብር፣ ይሻገራሉ። የሚስባቸው ምልክት የሚወጣው ኮሎምበስ የተባለው ጂን በሚሠራው ኢንዛይም በኩል ነው፤ ለኮሌስትሮል የሚታዘዙት መድኃኒቶች፣ እነአቶርቫስታቲን፣ የሚያግዱት ያው ኢንዛይም መሆኑ ሁሌም ይደንቀኛል። ዝንብ ግን ኮሌስትሮል አትሠራም፤ ኢንዛይሙ ለሌላ ቅባት መነሻ ይሆናታል። ያለቦታው እንዲሠራ ቢደረግ ሕዋሳቱ ወደዚያ ያዘነብላሉ። በመጨረሻ፣ በ10ኛውና በ11ኛው ሰዓት ግድም፣ ከመራቢያ አካሉ ቀዳሚ ሕዋሳት ጋር ተሰባስበው ክብ ይሠራሉ። ደርሰው ሳይሰባሰቡ ከቀሩ ኢ-ካድሄሪንን ጠርጥሪ።

ለክረምት ስትመጪ እዚህ ልትሞክሪው ማሰብሽ ደስ ብሎኛል፤ ግን የጎንደርን ብርድ አትርሺ። ከላይ የጻፍኩልሽ ሰዓት ሁሉ ለ25 ዲግሪ ነው፤ በ18 ዲግሪ እጥፍ ያህል ይፈጃል። ማሞቂያ ሣጥን ከሌለሽ ሽሎችሽን በሰዓት ሳይሆን በቅርጻቸው ለዪ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ዝንቦቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጄሊ፣ አጋሩ፣ ያልሟሟ ፍሬ ሳይቀርበት እስኪጠራ ረዘም አድርገሽ አፍዪው።

የእንቁላሉን ውጫዊ ቅርፊት ለማውለቅ በረኪናውን እኩል ውሃ ቀላቅለሽ ሁለት ደቂቃ ያህል በቂ ነው። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ኃይሉ ይደክማል፤ አዲስ ጠርሙስ ክፈቺ። ከዚያ በሄፕቴንና በ4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ 20 ደቂቃ አቆይተሽ፣ የታችኛውን ፈሳሽ አውጥተሽ ሜታኖል ጨምሪና በኃይል ነቅንቂው። ውስጠኛው ሽፋናቸው የወለቀላቸው ይሰምጣሉ፤ በሁለቱ ፈሳሾች መሃል የተንሳፈፉትን ድፊያቸው፣ ቀለም አይገባቸውም። በጣም ያረጁ ሽሎችንም አትልፊባቸው፤ ቆዳቸው ከጠነከረ ቀለሙን የሚያደርሰው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጤነኛ ሽል ውስጥም ቢሆን ሁሉም ሕዋሳት አይደርሱም፤ መንገድ የሳቱት ይሞታሉ። ስለዚህ ጥቂት የጠፉ ስላየሽ ጂኑ ተበላሽቷል አትበዪ። በዚያው ቀን፣ በዚያው በረኪናና ቀለም የተዘጋጁ ጤነኛ ሽሎችን አብረሽ ቁጠሪ፤ ቁጥሩን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።

አባትሽ፣ ከጎንደር