በሜዲኬር ሁሉም ነገር ነፃ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወገኖቼ ስለ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን ስለሚሰጠው የጤና መድን፣ «65 ከሞላህ ሕክምና ነፃ ነው» ሲባባሉ እጨነቃለሁ። 10 ዓመት ሠርቶ ግብር ለከፈለ ሰው ወርሃዊ ክፍያ የሌለው የሆስፒታል ወጪን የሚሸፍነው የመድኑ ክፍል፣ ፓርት ኤ፣ ነው። ለሐኪም የሚከፍለው ፓርት ቢ በፈረንጆቹ 2025 ለአብዛኛው ሰው በወር 185 ዶላር ነበር። በዚያ ላይ በዚያው ዓመት መጀመሪያ 257 ዶላር ከኪስ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሂሳቡ 20 በመቶ ይከፈላል። ለዚህ 20 በመቶ ደግሞ ጣሪያ የለውም! ባለቤቴ ዓይኗን ስትታከም ያየነው ይህንኑ ነው። የሥራ ቦታ መድን ሳይኖረው ለፓርት ቢ ሳይመዘገብ የዘገየ ሰው በወርሃዊ ክፍያው ላይ በየ12 ወሩ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ቅጣቱም አብሮት ይኖራል። አገር ቤት ለመክረም ያሰባችሁ ደግሞ ሜዲኬር አዲስ አበባ ላይ እንደማይከፍል እወቁ። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ስቴቱ ወርሃዊውን የሚሸፍንበት ፕሮግራም አለ። እባካችሁ አመዘጋገቡን በአማርኛ አውጡልን።

አንድ ጡረተኛ፣ አሌክሳንድሪያ