ስለ ቶሚ ስሚዝና ስለ ጆን ካርሎስ፤ ሜዳልያውና እንጀራው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ታዋቂ ጥቁር ስፖርተኞችና የጥበብ ሰዎች ሕይወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ይህን መሰሉ ታሪክ በአማርኛ ተጽፎ ለወጣቱ መቅረቡ ያስመሰግናችኋል። ሆኖም ጽሑፉ የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲያነሣ አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ «ሜዳልያቸውን ተነጠቁ» ብሎ አልፏል። ይህ ትክክል አይደለም። ስሚዝ ወርቁን፣ ካርሎስ ነሐሱን ይዘው ወደ አገራቸው ገብተዋል፤ ውጤታቸውም በኦሊምፒኩ መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ እንደተመዘገበ ነው። ስሕተቱ በብዙ አገር ጋዜጦች ሲደጋገም የኖረ ስለሆነ ጸሐፊያችሁን ለይቼ መውቀስ አልሻም። ለእርማት ብዕር ያነሣሁት ግን አንባቢ ሜዳልያ ተነጠቁ የሚለውን ሲያይ ቅጣቱ ያ ብቻ ነበር ብሎ ገጹን ስለሚገለብጥ፣ በሁለቱ ሰዎች ላይ በእርግጥ የወረደው መከራም ሳይነገር ስለሚቀር ነው።

የውድድሩን ዕለት ባጭሩ ላስታውስ። ጥቅምት 6 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የወንዶች 200 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ (ሌሎቹ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሚዝ በግማሽ ፍጻሜው ብሽሽቱ አካባቢ ጡንቻው ተጎድቶ ስለነበር መሮጡ ራሱ ያጠራጥር ነበር፤ ነገር ግን ርቀቱን በ19.83 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ያውም የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ። አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማን በ20.06 ሁለተኛ፣ ካርሎስ በ20.10 ሦስተኛ ወጡ። ወደ ሽልማቱ ሰገነት ሲቀርቡ ሁለቱ ጥቁሮች የወገኖቻቸውን ድህነት ለማሳየት ጫማቸውን አውልቀው በጥቁር ካልሲ ቆሙ። ካርሎስ ያለ ፍርድ ተሰቅለው የተገደሉትን ጥቁሮች ለማሰብ አንገቱ ላይ ዶቃ አጥልቆ ነበር። መዝሙሩ ሲጀመር አንገታቸውን ደፍተው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው አነሡ። ስሚዝ ቀኙን፣ ካርሎስ ግራውን ያነሣው ካርሎስ የራሱን ጓንት ረስቶ ስለመጣ ነው፤ አንዱን ጥንድ ተካፈሉት ብሎ ያማከራቸውም ነጩ ኖርማን ነበር። ሦስቱም ደረታቸው ላይ «የኦሊምፒክ ፕሮጀክት ለሰብዓዊ መብት» የተባለውን እንቅስቃሴ ባጅ አድርገዋል።

ይህ እንቅስቃሴ የአንድ ምሽት ስሜት አልነበረም። በካሊፎርኒያው ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት መምህር የነበረው ሃሪ ኤድዋርድስ ከአትሌቶች ጋር ሆኖ ያቋቋመው በ1967 ነው። የሙሐመድ አሊ የሻምፒዮንነት ማዕረግ እንዲመለስለት፣ በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት የተቀመጡት ኤቨሪ ብራንዴጅ እንዲነሡ፣ ጥቁር አሠልጣኞች በብዛት እንዲቀጠሩ፣ በዘር መድልዎ የሚተዳደሩት ደቡብ አፍሪካና ሮዴዥያም (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ከጨዋታው እንዲገለሉ ጠየቀ። የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ ሊሆን አይገባም። በየካቲት 1968 የኦሊምፒክ ኮሚቴው ታግዳ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ወደ ጨዋታው ለመመለስ ሲወስን አንሄድም ካሉት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ኮሚቴው በሚያዝያ ውሳኔውን የቀለበሰውም በዚህ ግፊት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ጥቁር ሯጮችና የአፍሪካ መንግሥታት በዚያ ዓመት ባንድ ጉዳይ ላይ ባንድ ወገን ቆመው ነበር። ጽሑፋችሁ ነገሩን የአሜሪካውያን የውስጥ ጠብ አድርጎ ማቅረቡ ቅር ያሰኘኝም ለዚህ ነው።

ቅጣቱን ያወረዱት ብራንዴጅ መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ ቡድን መሪዎች መጀመሪያ ነገሩን በተግሣጽ ሊያልፉት ቢፈልጉም፣ መላው የአትሌቲክስ ቡድን ሊታገድ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ከብራንዴጅ ኮሚቴ ሲመጣባቸው ሁለቱን አግደው ከኦሊምፒክ መንደር እንዲወጡ አደረጉ። ምክንያቱ ፖለቲካ ከስፖርት ጋር አይቀላቀልም የሚል ነው። እኚሁ ብራንዴጅ ግን በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ የአሜሪካን ኮሚቴ ሲመሩ በናዚ ሰላምታ ላይ ተቃውሞ አላሰሙም፤ ወደ በርሊን አንሂድ ያሉትንም አጥብቀው የተከራከሩ ሰው ናቸው። በእኔ እምነት ይህን የማይጠቅስ ጽሑፍ የሜክሲኮውን ቅጣት እንደ ተራ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አድርጎ ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ አትሌት አማተር ነበር፤ በሩጫው ገንዘብ መቀበል ጨርሶ የተከለከለ ስለነበር ሻምፒዮኑ የሚኖረው በትምህርት ቤት ድጋፍ፣ በትርፍ ሰዓት ሥራና ከውድድር በኋላ ይገኛል ብሎ ተስፋ በሚያደርገው ቅጥር ነው። ሜዳልያ ለምግብ አይሆንም። ስለዚህ አንድን ሯጭ ለማንበርከክ ወርቁን መንጠቅ አያስፈልግም፤ ቀጣሪው ሁሉ ፊቱን እንዲያዞርበት ማድረግ ይበቃል። በስሚዝና በካርሎስ የደረሰውም ይኸው ነው። የእንጀራ ገመዳቸው ተበጠሰ፤ ቤታቸው የግድያ ዛቻ ይጎርፍለት ጀመር።

ስሚዝ ቴክሳስ ውስጥ በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ ከነበረ ቤተሰብ ከአሥራ ሁለት ልጆች አንዱ ሆኖ ተወልዶ፣ በካሊፎርኒያ እርሻዎች ላይ እየሠራ ያደገ ሰው ነው። ከሜክሲኮ በኋላ በሲንሲናቲ ከተማ «የአሜሪካን ፉትቦል» ቡድን ውስጥ ጥቂት ዓመት ቢቆይም በጨዋታ እምብዛም አልተሰለፈም። እግሩ የቆመው በማስተማር ነው፤ መጀመሪያ በኦሃዮው ኦበርሊን ኮሌጅ፣ ኋላም ለረጅም ዓመታት በሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ አሠልጣኝና መምህር ሆነ። የካርሎስ መንገድ ከዚህ ይብሳል። የኒው ዮርኩ የሃርለም ልጅ በ1969 ብቃቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የ100 ያርድን የዓለም ክብረ ወሰን በ9.1 ሰከንድ ተስተካክሎ ሳን ሆዜን ለአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮናነት አብቅቷል። በምድር ላይ ከሚሮጡት ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ የነበረው ይህ ሰው ያንኑ ጊዜ ቋሚ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። በጥበቃና በአትክልተኝነት ሠርቷል፤ ልጆቹ እንዲሞቃቸው አንዳንድ ሌሊት የቤቱን ዕቃ ፈልጦ ያነድድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያ ባለቤቱ በ1977 ሕይወቷን አጠፋች። ከብዙ እንግልት በኋላ በፓልም ስፕሪንግስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪና አሠልጣኝ ሆኖ ተረጋጋ። ሁለቱም በኦሊምፒክ ዳግመኛ አልሮጡም።

ጽሑፋችሁ የቀድሞውን ጥቁር አሜሪካዊ ሯጭ ጄሲ ኦውንስን የተሳካለት፣ እነዚህን ደግሞ የተበላሸባቸው አድርጎ ጎን ለጎን ማስቀመጡን በተመለከተ አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ኦውንስ በርሊን ላይ አራት ወርቅ ካገኘ በኋላ የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር ለራሱ ገቢ ሲል አትሌቶቹን ካንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየወሰደ ያለ ክፍያ ያሮጣቸው ነበር። ኦውንስ ደክሞት፣ ገንዘብም አጥቶ ወደ ስዊድን አልሄድም ብሎ ቢመለስ ማኅበሩ አገደው። የአማተር ዘመኑም ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አበቃ። ቃል የተገባለት ሥራ ሁሉ ተነነ፤ ከፈረስ ጋር እየተሽቀዳደመ ገንዘብ ለቀመ፣ ነዳጅ ማደያ ተቀጠረ፣ የከፈተውም የልብስ ንጽሕና ድርጅት ከሰረበት። እሱ ምንም እጅ አላነሣም ነበር፤ ሆኖም የወደቀበት ቅጣት ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ከመጣው ጋር ተመሳሳይ ነው። በሜክሲኮ ኦውንስ ወጣቶቹን ከተቃውሞ እንዲመልስ በአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ተልኮ ሄደ፣ እነሱም አልሰሙትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አመለካከቱን መለወጡን በይፋ ገልጿል። ኦውንስን በዚህ ምክንያት ፈሪ የሚሉትን አልደግፍም፤ ያን ሁሉ ዓመት ለልጆቹ ዳቦ ሲፈልግ የኖረ ሰው የዳቦውን ነገር ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ይህ አሠራር በሩጫ ሜዳ ብቻ የቀረ አልነበረም። በዚያው በ1968 ጥር ወር ዘፋኟና ተዋናይቷ ኧርታ ኪት በዋይት ሐውስ ለምሳ ተጋብዛ ስለ ወጣቶች ወንጀል ስትጠየቅ፣ ወጣቱን የሚያስቆጣው የቬትናም ጦርነት ነው ብላ በፕሬዚዳንቱ ባለቤት ፊት ተናገረች። ከዚያ በኋላ አገሯ ውስጥ ሥራ አጣች፤ የስለላ ድርጅቱም ፋይል ከፍቶባት እንደነበር ኋላ ላይ ታውቋል። እሷንም ማንም አልከሰሳትም፣ ማንም ድምፅዋን አልወሰደባትም። ደዋዩ ጠፋ፣ ውሎች ቀሩ፣ እሷም ለዓመታት በአውሮፓ እየዘፈነች ኖረች። ወደ ብሮድዌይ መድረክ የተመለሰችው በ1978 ነው። የሙሐመድ አሊ ጉዳይ በአንጻሩ ፍርድ ቤት ስለደረሰ መዝገብ አለው። ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ከ1967 ጀምሮ ከሦስት ዓመት በላይ ከቡጢ መድረክ ታግዶ ቆየ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971 ነጻ አወጣው። ስሚዝ፣ ካርሎስና ኪት ግን ይግባኝ የሚሉበት ችሎት እንኳ አልነበራቸውም።

ስለ ሴቶቹም ዝም ማለት አልችልም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሯጭ ዋዮሚያ ታየስ በ1964 በቶኪዮ ያገኘችውን የ100 ሜትር ወርቅ በሜክሲኮ ደግማ በማግኘት በወንድም በሴትም በዚህ ርቀት ድሏን ያስጠበቀች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። የእንቅስቃሴው መሪዎች ሴቶቹን አላማከሯቸውም። እሷ ግን በዱላ ቅብብሉ ያገኙትን ወርቅ ለተባረሩት ለስሚዝና ለካርሎስ መታሰቢያ አደረገችው። በጽሑፋችሁ ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም።

ኖርማንም ዋጋ ከፍሏል። ለ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ የሚያበቃ ሰዓት ቢኖረውም አገሩ አልላከችውም፤ ምክንያቱ ምን ነበር በሚለው ላይ አውስትራሊያውያን እስካሁን ይከራከራሉ። በ2006 ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል ስሚዝና ካርሎስ ነበሩ። የአገሪቱ ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2012፣ እሱ ካለፈ በኋላ ነው። የሜክሲኮው ሰዓቱ የአውስትራሊያ ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ ታኅሣሥ 2024 ቆየ፤ የሰበረውም ጋውት ጋውት የተባለ፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ወላጆች የወለዱት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ለሁለቱ አሜሪካውያን ክብሩ ዘግይቶ መጥቷል። በ2005 ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ሐውልታቸውን አቆመ። በ2016 በዋይት ሐውስ ተጋበዙ፣ በ2019ም ያባረራቸው የአገራቸው ኦሊምፒክ ኮሚቴ በዝነኞቹ መዝገብ ላይ ስማቸውን አሰፈረ። ይህ ሁሉ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ከሃያ አራት ዓመት ዕድሜው ጀምሮ ሥራ ሲከለከል ለኖረ ሰው በሰባዎቹ የሚሰጥ ክብር ያለፈውን ኪራይና የልጆቹን ትምህርት አይከፍልም። የስፖርት መምህር ሆኜ እንዳየሁት ተማሪዎች ያንን ፎቶግራፍ በየልብሱና በየስልኩ ላይ ያውቁታል፤ የሰዎቹን ስም ግን ጥቂቶች፣ ከፎቶው በኋላ የሆነውን ደግሞ ማንም አይነግረኝም። ይህን ጉድለት ከጋዜጣ በቀር በቶሎ የሚሞላው የለም።

ስለዚህ ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ ሜዳልያው አለመነጠቁን በግልጽ አርሙልን። ለዋዮሚያ ታየስ የራሷን ሙሉ ገጽ ስጧት። በየዓመቱ በጥቅምት የማሞ ወልዴን ድል ስታስታውሱም፣ አበበ ቢቂላ በጉዳት አቋርጦ ሲወጣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈበት ያ ማራቶን፣ ስሚዝና ካርሎስ ከመንደሩ ከተባረሩ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ የተሮጠ መሆኑን ጻፉልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ