ዳኛው ምን እንዲወስንልህ ነው?

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከረምሽ የኔ ዓለም? እኛ ደሴ ላይ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። በቴሌግራም የላክሽልኝን ድርሰት ሁለቴ አነበብኩት። መምህሩ «ቅደም ተከተል የለውም» ብሎ መጻፉ አናዶሻል። አብሽሪ፣ ፍሬሽማን ሆኖ ይህ ያልተባለ የለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ልክ ነው።

በእንግሊዝኛው ትበልጭኛለሽ። እኔ የማውቀው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ስለ አጥር ሊከስ የመጣ ሰው ከአያቱ ርስት ይጀምርልሻል። መሃል ላይ የጎረቤት ሠርግ ይገባል፤ የታመመች ላም ትገባለች። አላቋርጠውም፣ ሻዬን እየጠጣሁ እሰማለሁ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ «ዳኛው ምን እንዲወስንልህ ነው?» ትንሽ ዝም ይልና «አጥሩን ያንሣልኝ» ይላል። በቃ፣ ያኔ ብዕሬን አነሣለሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም በቁጥር 222 ክስ ላይ እንዲጻፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ነገሩ ከምን ተነሣ፣ መቼና የት ሆነ፣ የሚጠየቀውስ ዳኝነት ምንድን ነው። ላሟ የለችበትም።

እናንተ ቴሲስ ስቴትመንት የምትሉት፣ የድርሰቱን ዋና ሐሳብ የሚናገረው አረፍተ ነገር፣ ያንን ዳኝነት ነው። ያንቺ ድርሰት ስለ ደሴ ነው፤ ስለ ደሴ ምን ልትይ እንደፈለግሽ ግን አይታወቅም። የጦሳ ተራራ አለ፣ ብርዱ አለ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አሉ፣ የአያትሽ ቡና አለ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የንጉሡን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን ስታነሺ ግን ነገርሽን አገኘሽው፦ «ደሴ የመጣውን ሁሉ ሳይጠየፍ ያኖራል»። ይህን ከተደበቀበት አውጪና መግቢያሽ መጨረሻ ላይ አድርጊው። አዳራሹ ከነስሙ ምስክርሽ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል መሐመድ አሊ ተብለው መወለዳቸውን የመቻቻል ማስረጃ ማድረግሽ ግን አይሆንም። ክርስትና የተነሡት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ወዲህ፣ በዐፄ ዮሐንስ ግፊት ነው። ይህ ምስክር ለተከሳሽ ነው የሚመሰክረው! ከጠራሽው እንደ ተቃራኒ ሐሳብ አቅርቢውና መልስ ስጪበት። ካልሆነ ተይው።

ቢጋር፣ ማለት የድርሰቱን ንድፍ፣ ሳትሠሪ እንደጻፍሽ ያስታውቃል። እሺ፣ አልፏል። አሁን እስክሪብቶ ያዢና ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን ምን እንደሚል በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊ። አማርኛ ክፍል ኃይለ ቃል ትሉት የነበረው ነው። ሁለት ነገር የሚል ከሆነ ለሁለት ክፈይው። ምንም የማይል ከሆነ ሰርዢው። ከዚያ የጎን ጽሑፉን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቢ፤ ቅደም ተከተሉ የት እንደተበጠሰ ራስሽ ታዪዋለሽ። «በመጨረሻም»፣ «በሌላ በኩል» እያልሽ ብትሰፊው የተበጠሰው አይቀጠልም። አምስት አንቀጽ ይሁን የሚባለውም ለጀማሪ ምርኩዝ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ለፈተና ግን ይበጃል፣ ያዢው።

የአያትሽ ቡና ያለበትን አንቀጽ ታወጪዋለሽ። ከሁሉም አምሮ የተጻፈው እሱ መሆኑን አላጣሁትም። ጭሱ፣ ዱዓዋ፣ ሦስተኛዋ ስኒ። ግን ከደሴ ነገር ጋር አይገናኝም፤ ላሟ ናት። ስታወጪው ግን እንዳታጠፊው፣ ለኔ ለብቻው ላኪልኝ።

አባትሽ