ሰዓቱ ባለፈ ስላይድ የልጆች መድኃኒት አይሰረዝ

ይድረስ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

በትምህርት ቤቶች ስለተሰረዘው የትል መድኃኒት ያስገባናቸው ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቀሩ። በስብሰባ ስናነሣውም «እናየዋለን» ተባልን፤ እስካሁን ያየው የለም። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍን።

በትምህርት ቤቶች ሁለተኛው ዙር የትል መድኃኒት የተሰረዘው «የመንጠቆ ትል አልተገኘም» በሚል የሰገራ ምርመራ ውጤት ነው። ምርመራው እንዴት እንደተሠራ ያውቃሉ። የካቶ ካትዝ ስላይዱ (ሰገራ ተቀብቶበት በግሊሰሪን በራሰ ሴሎፎን የሚሸፈነው መስታወት) ጠዋት በየትምህርት ቤቱ ተዘጋጀ፤ የተነበበው ግን ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ከደረሰ ወዲህ ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ግሊሰሪኑ ያጠፋዋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተነበበ አይታይም። የወስፋት እንቁላል ወፍራም ነውና ይቆያል። በዚያው ስላይድ ወስፋት እየታየ መንጠቆ «የለም» ሲባል አንድ ሰው እንኳ ስንት ሰዓት ላይ ተነበበ ብሎ አልጠየቀም!

ትሉ አልጠፋም። ከመራዊ እስከ ቡሬ በመስኖ ዳር በባዶ እግሩ የሚውል ልጅ፣ የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) ከእርጥቡ አፈር በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባበታል፤ ካደገ በኋላ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ኔካቶር የሚባለው ዝርያ አንዱ ብቻውን በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል፤ ሌላው ዝርያ አንኪሎስቶማ እስከ 0.2። መቶ ኔካቶር የተሸከመ ልጅ በወር 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያጣል ማለት ነው። እንጀራና ሽሮ ብረት ቢኖራቸውም ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ስለሆነ ይህን አይተኩም።

መድኃኒቱ ቢሰጥ እንኳ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ትሉን ይገድላል እንጂ የፈሰሰውን ደም አይመልስም። ደም ያነሰው ልጅ ለ3 ወር ያህል ብረት መውሰድ አለበት። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ግን «ያለው ለነፍሰ ጡር ነው» ተብሎ፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ነጥቶ እየታየ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት የደም ክፍል) ቢለካም የሚወዳደረው ከ11.5 ግራም በዴሲ ሊትር ጋር ነው፤ ይህ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በባሕር ጠለል ከፍታ የተቀመጠ ልክ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ልኩም ከፍ ማለት አለበት። በ2,000 ሜትር ከፍታ በዚህ ቁጥር «ደኅና» የተባለ ልጅ ደም ያነሰው ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ይደገም፤ ስላይዱም እዚያው ትምህርት ቤት ይነበብ። በፀሐይ ብርሃንና በመስታወት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። እስከዚያው የተሰረዘው ዙር ይመለስ፣ ለተማሪዎችም ብረት በበጀት ይያዝ። መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

የላቦራቶሪና የትምህርት ቤት ጤና ባለሙያዎች፣ ጎጃም