አጉሊ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። አጉሊ መብራት (አጉሊ ሌንስ የተገጠመለት የጠረጴዛ መብራት) ፈልጎ ሱቃችን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ «በደንብ የሚያጎላው የቱ ነው?» ሰዓት ጠጋኙም፣ ሞባይል የሚሠራው ልጅም፣ ጥልፍ የምትጠልፈዋም እንዲሁ ነው የሚሉን። እኛም ለብዙ ጊዜ የተጠየቅነውን አንስተን ስንሰጥ ኖርን። አሁን እንደዚያ መሸጥ አቁመናል። ለምን እንደሆነ ልንነግራችሁ ፈለግን።

ያስተማሩን አንዲት እናት ናቸው። ከመሐል ሜዳ ድረስ መጥተው ባለ 8 ዳይኦፕተር መብራት ገዙን። ሥራቸው የባና ጠርዝ መስፋት ነው። በሳምንቱ መብራቱን ይዘውት ተመለሱ። «ልጄ፣ ማሳየቱንስ ያሳያል። ግን እጄ እየተጋጨ እንዴት ልስፋ?» አሉን። ቁጭ ብለው አሳዩን። መርፌውን ሽቅብ ሲስቡት ጣታቸው ሌንሱን ይመታል። ክሩን ለማሳለፍ በየስፌቱ መብራቱን ገፋ ማድረግ ነበረባቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ምን እንደሚሠሩ ሳንጠይቅ ነው የሸጥንላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳይኦፕተር የሌንሱ ጉልበት ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ያጎላል፤ ሥራው ግን ወደ ሌንሱ መጠጋት አለበት። ባለ 3ቱ 1.75 እጥፍ ያጎላል፤ ከሌንሱ በታች እስከ 33 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቦታ ይሰጣችኋል። ባለ 5ቱ 2.25 እጥፍ ነው፤ ቦታው 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ገደማ ይሆናል። ባለ 8ቱ 3 እጥፍ ያጎላል፤ የሚተውላችሁ ግን 12.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ እጅ፣ መርፌና ክር አብረው አይላወሱም። በሌንሱ ውስጥ የሚታየው ቦታም ይጠባል።

ስለዚህ ለስፌት፣ ለጥልፍና ለእንጨት ቅርጽ ባለ 3 ይበቃል። ለሞባይል ቦርድና ለብር ሥራ ባለ 5 ይስማማል፤ የመበየጃው ካውያ ከሌንሱ ሥር በደንብ ይገባል። ባለ 8 ለማየት እንጂ ለመሥራት አይመችም። የተበየደውን ነጥብ ለማረጋገጥ ወይም ደቃቅ ቁጥር ለማንበብ ግን ጥሩ ነው። የሰዓት ሆድ ዕቃ ለምትነኩ ደግሞ ዓይን ላይ የምትገጥሟትን ትንሿን ሌንስ የሚተካ መብራት የለንም። አለን ብለን አንሸጥላችሁም።

እኚያ እናት ባለ 3ቱን ወሰዱ። ያኔ ሌላም ነገር ገባን። ባናቸው የተሠራበት ጥቁር የበግ ጸጉር ብርሃን ይውጣል። ችግራቸው ከማጉላቱ ይልቅ የብርሃን ማነስ ነበር። ዕድሜ 40ን ሲያልፍ ቅርብ ማየት ይከብዳል፤ ዓይንም ከወጣትነቱ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አጉላልኝ» ሲል «አብራልኝ» ማለቱ ነው። (እይታችሁ በድንገት ከደበዘዘ ግን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ።)

የብርሃኑን ዓይነት በክር ፈትኑት። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ጎን ለጎን ዘርጉ። ቢጫ መብራት ሥር ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ጥበብ ለምትጠልፉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማታ የተመረጠ ክር ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ) የሚል፣ ሲ አር አዩም (ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ) ከ90 በላይ የሆነ ፈልጉ። ከዚያ የስልካችሁን ካሜራ ወደ መብራቱ አዙሩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተርመሰመሱ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው። ውሎ ሲያድር ራስ ያሳምማል። ተዉት።

በሌንሱ ዙሪያ የሚበራው ክብ መብራት ጥላ አይጥልም፤ ለስፌትና ለቦርድ ይህ መልካም ነው። ብር ላይ ለምትቀርጹ አንጥረኞች ግን ጥላ ያስፈልጋችኋል። ጥላ ከሌለ የጭረቱ ጥልቀት አይታይም። ክቡን አጥፍታችሁ ተራ የጠረጴዛ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ መስመሩ ብድግ ብሎ ይታያችኋል።

መብራት ለሚሄድበት ሰፈር በዩ ኤስ ቢ የሚሠራውን እንመክራለን፤ ፓወር ባንክ ላይ ይሰካል። ክንዱን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ፈትኑት። አንገቱን አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ቀስ እያለ ከወረደ ሞላው ደካማ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ነው። በውርጭ ጠዋት ትንፋሽ ሌንሱን ያጨልመዋል። በእጅጌ ወይም በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት፤ በተለይ የፕላስቲኩን ይጭረዋል። መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉ፤ ከዚያ ረጠብ ባለ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ።

አንዱን ግን እባካችሁ አትርሱ። የእኛ ጠረጴዛ ልብስ ላይ የጣት ርዝመት ያላት ቡናማ መስመር አለች። አንድ ቀን ሌንሱን ሳንከድን መስኮት ዳር ትተነው ምሳ ወጣን። የደጋ ፀሐይ በሌንሱ አልፋ አንድ ነጥብ ላይ ተሰበሰበች። ፀሐይዋ ስትንቀሳቀስ ነጥቧም ልብሱን እየጠበሰች ሄደች። ስንመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ክዳን የሌለው ሌንስ እሳት ነው። ሥራ ስትጨርሱ ክደኑት፤ ክዳኑ ከጠፋ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ክዳን ጠፍቶባችሁ ከሆነ ኑ፣ በነፃ እንሰጣችኋለን።

ልትገዙ ስትመጡ ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ባናውን፣ ቦርዱን፣ ቀለበቱን። ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጣችሁ ሩብ ሰዓት ሥሩበት። ከዚህ በፊት ባለ 8 ሸጠንላችሁ ያልተመቻችሁ ካላችሁ መልሱልን፤ በሚስማማችሁ እንለውጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች
ደብረ ብርሃን