ጉዳዩ፦ ለቱር መኪናዬ ስለሸጣችሁልኝ የብሉቱዝ ባትሪ ሞኒተር ቅሬታ

ሰላም እንደምን ናችሁ፣ ለሱቁ ባለቤትና ለሽያጭ ክፍሉ።

ሁለት ጊዜ በስልክ አውርተን መፍትሄ ስላጣሁ ነው አሁን በጽሁፍ የመጣሁት። እኔ እንግዳ ይዤ ደቡብና ዳናኪል የምመላለስ ሹፌር ነኝ፣ ላንድክሩዘሬ ላይ ሁለት ባትሪ አለ፣ አንዱ ሞተር የሚያስነሳው ነው፣ ሁለተኛው ከኋላ ያለው ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ደግሞ ፍሪጁንና የእንግዶቹን ካሜራ ቻርጅ የሚችለው። ሞኒተሩን የገዛሁት ለዚህ ለኋለኛው ነው፣ ከነመግጠሚያው 7,500 ብር ከፍያለሁ። ልጃችሁ ሲሸጥልኝ "ድንኳንህ ውስጥ ተኝተህ ባትሪህን ታያለህ፣ 30 ሜትር ድረስ ያነባል፣ ስንት ሰዓት እንደቀረውም ቆጥሮ ይነግርሃል" ነው ያለኝ።

ባለፈው ጉዞ ቱርሚ ነበርን። እሁድ ማታ ገባን፣ ሰኞ እንግዶቹ ገበያውንም ቅርብ ያለውን የሐመር መንደርም በእግር ስላዩ መኪናው ቀኑን ሙሉ አልተነሳም፣ ፍሪጁ ግን እየሰራ ነው ምክንያቱም ከእንግዶቹ አንዷ በእድሜ ገፋ ያሉ ሴት ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊናቸው እዛ ውስጥ ነው ያለው። የቱርሚን ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ። ማታ 3 ሰዓት ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ የሞኒተሩን አፕ ከፈትኩት፣ 12.5 ቮልት 80 ፐርሰንት ይላል፣ በአረንጓዴ። ሞተር አስነስቼ ትንሽ ቻርጅ ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር፣ ቁጥሩን ሳይ ግን ተኝተዋል ምን ልረብሻቸው ብዬ ተውኩት።

ሌሊት 11 ሰዓት ስነሳ የፍሪጁ መብራት ጠፍቷል። ስከፍተው የውሃው ፕላስቲክ ለብ ብሏል፣ የመድሃኒቱ ካርቶን ረጥቦ በእጄ ላይ ተላቀቀ። ስልኬን አየሁት፣ አሁንም 12.5፣ አሁንም 80፣ አሁንም አረንጓዴ። ቴስተር አውጥቼ ባትሪው ላይ ስለካው 11.4! የ3 ሰዓቱም የ11 ሰዓቱም ስክሪንሹት አለኝ፣ በነጥብ እንኳን አይለያዩም።

ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ተበላሸ አልተበላሸም በአይን አይታወቅም። መድሃኒቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጨርቅ ውሃ ነክሬ ሸፍኜ፣ ንፋስ የሚያገኝበት ዛፍ ላይ ሰቀልኩት፣ ከዛ የቀኑን ፕሮግራም ሰርዘን ሌላ ፍለጋ ጂንካ ድረስ ሄድን። ሴትየዋ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ግን ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስተው እያገላበጡ ሲያዩት የነበረው ፊታቸው እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። እኔን አምነው እኮ ነው የሰጡኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ የመኪና ኤሌክትሪሺያኔ ጋ ሄጄ አብረን ፈተሽነው። የሞኒተሩን ገመድ ከባትሪው ነቀልነው፣ አፑ ከ20 ደቂቃ በላይ የድሮውን ቁጥር ይዞ ቆመ፣ ተቋርጧል አይልም፣ መቼ እንዳነበበ አይናገርም። ማለት ቱርሚ ማታ ሳየው የነበረው ጠዋት ውሃ ላወርድ መኪናው አጠገብ ስቆም ያነበበውን ነው! እንዲህ አይነቱ ብሉቱዝ ሜዳ ላይ እንኳን ወደ 10 ሜትር ነው የሚሄደው፣ ባትሪው ደግሞ ከኋላ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ይሄን የገጠመልኝ የናንተው ልጅ አይቶታል።

ሰዓት ይቆጥራል የተባለውም ትክክል አይደለም። የሚወጣና የሚገባ አምፒር የሚቆጥረው የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ላይ ሻንት (የሚያልፈውን አምፒር የሚለካ ቁራጭ) ያለው ሞኒተር ነው፣ የናንተው ግን ቮልት ብቻ አይቶ ነው ፐርሰንት የሚያወጣው፣ ለዛ ነው ሞተር እንደተነሳ ዲናሞው 14 ቮልት ሲሰጠው ወዲያው 100 ፐርሰንት የሚለው። ያረፈ የአሲድ ባትሪ 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ቀርቶታል፣ በዚች ጠባብ ልዩነት ላይ የቆየ ቁጥር ማሳየት ሰውን ማሳሳት ነው።

ስደውል "እቃው ይበራል አይደል፣ አፑ እኛን አይመለከትም" ተባልኩ። ያለ አፑ ይሄ እቃ ምን ያደርግልኛል? እኔ የገዛሁት መብራቱን አይደለም።

የምፈልገው ገንዘቤ ከነመግጠሚያው እንዲመለስልኝ ነው። 30 ሜትር እና ሰዓት ይቆጥራል የሚለውንም ከዛሬ ጀምሮ ለማንም እንዳትናገሩ። ከሁሉ በላይ ግን ይሄንኑ ሞኒተር ለሸጣችሁላቸው ሹፌሮች ደውሉላቸው፣ መኪናው አጠገብ ካልቆማችሁ ቁጥሩን አትመኑ በሏቸው። አንዱ ጓደኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ይዞ ዳሎል ይወርዳል፣ ለሱ እኔው ነግሬዋለሁ፣ የሌሎቹ ስልክ ግን ያለው እናንተ ጋ ነው።

ሞኒተሩን ፈትቼ በካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ከነደረሰኙና ከስክሪንሹቶቹ ጋር ይዤው እመጣለሁ፣ እባካችሁ የሚወስን ሰው ይኑር።