ቤትሽ ዝም አይበል

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደህና ነው? የኔ ዓለም ሕፃኗስ እንቅልፍ ታስተኛችኋለች? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ይዞታል እንጂ ሌላ የለበትም።

ባለፈው ስትደውይ «እማዬ፣ እቤት የምንሰማቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ላኪልኝ» አልሽኝ። ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ግን የዘፋኝ ስም ብቻ ደርድሬ ብልክልሽ ምን ይሠራልሻል? ስሙንማ ስልክሽም ይነግርሻል። የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማን እንዳመጣው፣ ቤታችን ውስጥ ለምን እንደቆየ ግን ስልክሽ አያውቅም። ስለዚህ ዝርዝሩ ደብዳቤ ሆነ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ዘፈኑን ክፈቱት፤ ለቤቱ ሁሉ ይሰማ። እናንተ ጋ የመጣሁ ቀን አንቺም ባልሽም ጆሯችሁ ላይ ኤርፎን ነበር። ሕፃኗ ተኝታ ስለነበር ገብቶኛል። ስትነቃም እንደዚያው ከሆነ ግን እናቷ ምን እንደምትወድ፣ አባቷ ምን ሲሰማ ፊቱ እንደሚፈታ ሳታውቅ ታድጋለች። እኛ ቤት ቴፑ ሳሎን ነበር። አንዱ የከፈተውን ሁሉም ይሰማል። አንቺ የአባትሽን ዘፈኖች መርጠሽ አይደለም የወደድሻቸው። የቤት ሥራ ስትሠሪ፣ ሽንኩርት ስትልጪ፣ ጸጉርሽን ስጎነጉንልሽ ሳታውቂው ገቡብሽ።

ለጠዋት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አስቀምጪ። ቃል ስለሌለው ከወሬም ከሐሳብም ጋር አይጋፋም። ሕፃን ስታጠቢ፣ ቡና እስኪፈላ ስትጠብቂ ከሱ የተሻለ አላውቅም። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። ጣልያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣልያን ታሰሩ። ከዚያ መልስ ካይሮ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ግሸን ማርያም ገብተው በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ነው፤ ገቢው ለችግረኛ ልጆች ነበር። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ብዙ ዘመን ኖረው በ2015 ዓ.ም.፣ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ስትሰሚያቸው ግራ እጃቸውን ልብ በይ፤ የአውሮፓ ትምህርት ቤት እዚያ አለ። ቀኝ እጃቸው ግን ቅዳሴና ትዝታ ሰምቶ ያደገ ሰው እጅ ነው። እኔ ሁለቱን ለይቼ መስማት የጀመርኩት ብዙ ዓመት ከሰማሁት በኋላ ነው፤ አንቺ ቶሎ ይገባሻል።

ሁዳዴ ሲገባ ዘፈን ይቆማል። ይህን ታውቂያለሽ። አያትሽ በሕይወት እያሉ 55ቱን ቀን ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው በገና ብቻ ነበር። በተለይ የመምህር ዓለሙ አጋ። ትንሽ ሆነሽ መጀመሪያ የሰማሽው ቀን «ቴፑ ተበላሸ እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽ። ያ የሚነዝር ድምፅ ከብልሽት አይደለም። አሥሩ የአንጀት አውታሮች የሚያርፉበት ቦታ ላይ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ይገባሉ፤ እነሱ ናቸው አውታሩን የሚያስነዝሩት። አያትሽ በገና ሲከፈት እንዝርታቸውን ያስቀምጡ ነበር። ለሌላ ዘፈን እየፈተሉ ይሰማሉ፤ ለበገና ግን እጃቸው ያርፋል። አንቺም እንደሳቸው አድርጊ። በገና ከኋላ እየተሰማ ሌላ ሥራ አይሠራበትም። ማታ፣ ሕፃኗ ከተኛች በኋላ፣ መብራቱን ቀንሳችሁ አንድ ብቻ ስሙና ዝጉት።

የመምህር ዓለሙን ታሪክ ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል። የእንጦጦ ልጅ ናቸው። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ የበገናው መምህር አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤት መጥተው ገቡ። አለቃ ልጁ በሚማሩበት ትምህርት ቤትም ያስተምሩ ነበር። ልጁ በገናውን እየተሸከሙላቸው ነው ትምህርቱን የጀመሩት። እስቲ አስቢው! አለቃ ሌላ ሰፈር ቤት ቢያገኙ ኖሮ ያ ሁሉ በገና ላይሰማ ነበር። በደርግ ጊዜ መንፈሳዊ ነገር ከሬዲዮ ሲርቅ የበገናም ድምፅ አብሮ ራቀ። ሲመለስ የመለሱት እንደሳቸው ያሉ በእጃቸው ይዘው ያቆዩት ሰዎች ናቸው።

አባትሽ ደግሞ የድሬ ልጅ ነው። እሱ ያደገበት ግቢ ውስጥ ረመዳን ሲሆን ከአንዱ ቤት መንዙማ፣ ከሌላው የአሊ ቢራ ዘፈን፣ ከዚያኛው የሱዳን ዘፈን ይሰማ ነበር። ስንጋባ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ካርቶን ካሴት ነው። እኔ ኦሮምኛ አልሰማም ነበር። በአሊ ቢራ ምክንያት ግን ቃላት መልቀም ጀመርኩ፤ አባትሽ እየተረጎመ፣ እኔ እየደገምኩ። አሊ ቢራ ራሱ በኦሮምኛም፣ በአደርኛም፣ በሶማልኛም፣ በዓረብኛም፣ በአማርኛም የዘፈነ ሰው ነው። የድሬ ልጅ መሆን ማለት ለኔ ይሄ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያርፍ አባትሽ ቀኑን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ ዋለ።

የመሐመድ ወርዲ ሱዳንኛ ያለ አስተርጓሚ ነው የገባን። የሱዳን ዜማ እንደኛው አምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ ጆሯችን አይግደረደረውም። ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ መጥቶ ያቀረበውን ኮንሰርት ቀረጻ አባትሽ እስከ ዛሬ ይሰማዋል። ሕዝቡ አብሮ ሲዘፍን ይሰማል። እንግዳ በሞላበት ቀን፣ ምግብ ተነሥቶ ሻይ ሲቀርብ ክፈቺው።

ጥላሁን ገሠሠ የኔ ነው። ይህን ማንም አይወስድብኝም። በአገር ፍቅር ጀምሮ በክቡር ዘበኛ የታወቀው ያ ድምፅ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ካልተሰማ ቤቱ የጸዳ አይመስለኝም። በ2001 ዓ.ም. ያረፈው በፋሲካ ዕለት ነበር። ሰኞ ጠዋት ዜናውን ስንሰማ የተረፈው ዶሮ ወጥ እንደቀረበ ቀረ፤ ጎረቤቶቻችን በራቸው ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። አንድ ምክር አለኝ፦ ከባልሽ ጋር ስትኳረፉ ጥላሁንን አትክፈቺ። ኩርፊያውን ያረዝመዋል። ያን ጊዜ የሚሻለው ማሕሙድ አሕመድ ነው። ማሕሙድ ሲዘፍን ትከሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሁለት ሰው ደግሞ ትከሻውን እየነቀነቀ መኳረፍ አይችልም። መርካቶ ተወልዶ፣ ጫማ እየጠረገ ኖሮ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ እኔና አባትሽ ሄደን ነበር። አባትሽ ጉልበቱን ረስቶ ቆሞ አመሸ።

አስቴር አወቀን ክረምት ላይ፣ ልብስ ስትተኩሺ። ብዙነሽ በቀለን ምሳ ስትሠሪ። እነዚህን አላብራራም፤ ስትሰሚያቸው ራስሽ ታገኚዋለሽ።

እሑድ ከምሳ በኋላ የካንትሪ ሰዓት ነው። አሁን ያሉ ልጆች «እንዴት ካንትሪ ትወዳላችሁ?» ይሉናል። እኛ ግን በጂም ሪቭስ፣ በኬኒ ሮጀርስና በዶሊ ፓርተን ነው እንግሊዝኛ የተማርነው። ቃሉን ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ታሪክ አለው፤ የሄደ ሰው አለ፣ የሚጠበቅ ሰው አለ፣ አገር ቤት አለ። ከኛ ዘፈን በምን ይለያል? ዶሊ ፓርተን 12 ልጆች ካሉበት የድሀ ቤት ነው የወጣችው። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችው፣ እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኮት ስለሰፋችላት የዘፈነችው አለ። በትምህርት ቤት ልጆች ሳቁባት፤ እሷ ግን ኮቱ በፍቅር የተሰፋ መሆኑን ታውቅ ነበር። እኔ ያንን ዘፈን የአንቺን የትምህርት ቤት ሹራብ በማታ እየሠራሁ ነበር የምሰማው። ሕፃኗ ከፍ ስትል ታሪኩን ንገሪያት።

ለሥራ ሰዓት፣ ኮምፒዩተር ላይ ስትቀመጪ፣ ሙላቱ አስታጥቄን ክፈቺ። ጅማ ተወልዶ፣ ምህንድስና ተማር ተብሎ ዌልስ ተልኮ፣ ልቡ ወደ ሙዚቃ ሸፈተ። ለንደንና ቦስተን ተምሮ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ ጋር አጋባቸው። ከሱ ቀጥሎ ኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ወንድምሽ ለፈተና ሲያጠና ይሰማው የነበረው ይሄንኑ ነው።

ሬጌን አልረሳሁም። በ1997 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ የቦብ ማርሊ 60ኛ ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር አባትሽ ትከሻ ላይ ነበርሽ። አንጄሊክ ኪጆና ዩሱ ንዱር መጥተው ነበር። አንቺ የምታስታውሺው የበላሽውን ቆሎ ብቻ ነው፤ ግን እንቅልፍ ወስዶሽ እንኳን እግርሽ ምቱን ይከተል ነበር።

ቅዳሜ ማታ የተራ ጊዜ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ዘፈን ይመርጣል፤ ሌላው ማቋረጥ አይችልም። ወንድምሽ ሂፕ ሆፕ ሲከፍት አባትሽ «ዝጋው» ብሎት አያውቅም። «ምን እያለ ነው?» ይለዋል። ልጁም ያስረዳዋል። ያ ወቅት ወንድምሽ ከማንም ጋር የማያወራበት ዕድሜ ነበር፤ ስለ ዘፈን ግን ያወራ ነበር። ብዙ ነገሩን ያወቅነው በዚያ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ስንጠይቀው «ደህና ነው» ብቻ ይል የነበረ ልጅ፣ ስለ አንድ ዘፈን ግማሽ ሰዓት ይነግረናል፤ በመሐል የራሱንም ነገር ይነግረናል። ይህን ሥርዓት ቤትሽ አስገቢው። ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው ተራ መያዝ ይችላል።

ባልሽንም ተራውን አትንሺው። ዕቃ ሲያጥብ የኪሮስ ዓለማየሁን ዜማ ሲያንጎራጉር ሰምቼዋለሁ። በእርጋታ፣ ለራሱ ብቻ። «ድምፅህን ከፍ አድርገው» በይው። ትግርኛውን ይንገርሽ፤ ሕፃኗም ከአባቷ አፍ ትስማው። እኔ ከአባትሽ ካሴቶች ጋር ነው የተጋባሁት፤ እሱን ያወቅኩበት አንዱ መንገድ ያ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ያን ጊዜ ራሳችሁ ዝፈኑ። የስልኩን ባትሪ ቆጥቡት። እሹሩሩን ከቪዲዮ አታሰሚያት፤ ድምፄ አያምርም ብለሽ እንዳትተዪው። ልጅ የእናቷን ድምፅ ከማንም ድምፅ ጋር አታወዳድርም። ጳጉሜ ሲደርስ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ ሲመጡ በሩን ክፈቺላቸው፤ እሷንም አቅፈሽ ውጪ። ትንሽ ከፍ ስትል ከነሱ ጋር ትሂድ፤ ግጥሙን ከሰፈር ልጆች እንጂ ከቴሌቪዥን እንዳትማረው።

ድምፁን ለሕፃኗ ዝቅ አድርጉላት፤ እናንተ ስትነጋገሩ መሰማማት የምትችሉበት ልክ ይበቃል። ትልቅ ስፒከርም አያስፈልግም። ያችው ትንሿ ብሉቱዝ ትበቃለች፤ ሳሎን ብቻ ትቀመጥ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። እኔ የማላውቃቸው፣ አንቺና ባልሽ ስትተዋወቁ የሰማችኋቸው ዘፈኖች ይኖራሉ። የትኞቹ እንደሆኑ፣ በየትኛው ሰዓት እንደምትሰሟቸው ጻፊልኝ። ሕፃኗ ስትሰማው አንገቷን የምታዞርለት ዘፈን ካለም በቴሌግራም ላኪልኝ፤ አባትሽ «እስቲ ምን እያለ ነው» ብሎ ይጠብቃል።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ሕፃኗን ጉንጯን ሳሚልኝ።

እናትሽ